አሮጌ መኪና ዘይት ሲያፈስ፦ ከየት እንደሆነ የማወቂያና የመጠገኛ ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት መኪናችሁን ስታንቀሳቅሱ መሬቱ ላይ ሳንቲም የምታህል ጥቁር ጠብታ ቀርታ ታያላችሁ። በማግስቱ ሁለት ትሆናለች። ከሳምንት በኋላ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ጠቁሯል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይሄን ሳያይ አይቀርም። ብዙዎቻችን ታዲያ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ "አሮጌ ነው፣ ማፍሰሱ ያለ ነው" ብለን እንተወዋለን፤ ወይ ደግሞ ከጠብታው በላይ ያለውን ዕቃ እናስቀይራለን። ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ።

ሁለተኛውን እኔም አድርጌዋለሁ። ዘይቱ የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ነበር። ያየልኝ መካኒክ ከሥር ገባ፣ የእጅ ባትሪውን አበራና "የኋላ ኦይል ሲል ነው" አለ። ኦይል ሲል የሚዞር ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። ካምቢዮው ወረደ፣ ኦይል ሲሉ ተቀየረ፣ ሁሉም ተመልሶ ተገጠመ። በሦስተኛው ቀን ያው ጠብታ፣ ያው ቦታ። በኋላ ሞተሩን አጥቤ ራሴ ስከታተለው የሚያፈሰው ከላይ ሆኖ አገኘሁት። የቫልቭ ካቨሩ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጋስኬት፣ ማለትም በመጋጠሚያው መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋራዥ ውስጥ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ በኋላው ጥግ በኩል ደርቆ ተሰንጥቋል። ዘይቱ ከዚያ ተነስቶ በሞተሩ ጀርባ ይወርድና ካምቢዮው ላይ ያርፋል። ስንጥቋ ከጥፍር አትበልጥም። ጥገናው የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ።

ይህን የምጽፈው ያ ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታ ሌላ፣ የሚያፈስበት ቦታ ሌላ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። መኪናው ሲነዳ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ፍለጋው ሁልጊዜ ከጠብታው ወደ ላይና ወደ ፊት ነው።

መጀመሪያ ጠብታውን እወቁት

ከመኪና የሚወርድ ሁሉ የሞተር ዘይት አይደለም። ማታ መኪናውን ለጥ ያለ ቦታ አቁሙና ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፉ። የፊት ጎማዎቹ የት እንዳረፉ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ጠብታው ከየትኛው ጎማ ምን ያህል ርቆ እንዳረፈ ታያላችሁ። ይሄ ብቻውን ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ከዚያ ጠብታውን በነጭ ሶፍት ንኩትና በቀን ብርሃን እዩት።

- የሞተር ዘይት አዲስ ከሆነ የማር ቀለም አለው። ከቆየ ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል። በጣታችሁ መሀል ስታሹት ያሟልጫል።
- ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ዘይትነት ካለው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል።
- ወፈር ያለና ሽታው አፍንጫ የሚይዝ፣ ድኝ ድኝ የሚል ከሆነ የማኑዋል ካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ነው።
- አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ሆኖ እንደ ውሃ የሚቀጥንና ጣፋጭ ሽታ ያለው የራዲያተር ኩላንት ነው። መርዛማ ነው፤ ሕፃናትና እንስሳት እንዳይደርሱበት ወዲያው ጥረጉት።
- ቀጭን፣ ቢጫ ቢጤና ጎማ አካባቢ የተገኘ ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን አትንዱ።

ንጹህ ውሃ ከሆነ ምናልባት የኤሲው ነው። እሱ ችግር የለውም።

መኪናው መቆም ያለበት ጊዜ

ፍሳሽ ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንዱ ላብ ነው፤ ብረቱን ያረጥበዋል፣ አቧራ ይይዝበታል፣ ግን ጠብታ አይሆንም። አሮጌ ሞተር ላይ እንዲህ ያለውን እየተከታተሉ መንዳት ይቻላል። የሚከተሉት ግን የሚጠብቁ አይደሉም።

ቀዩ የዘይት መብራት እየነዳችሁ ከበራ፣ ወዲያው አደጋ የሌለበት ቦታ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። መብራቱ የሚናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው። ግፊት ከሌለ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊበሉ ይችላሉ። "እስከ ቤት ላድርስ" ማለት ሞተር ያስቀይራል።

የተቃጠለ ዘይት ሽታ ካለ ወይም ከኮፈኑ ሥር ጭስ ከወጣ፣ ዘይቱ ጭስ ማውጫው ላይ እየወደቀ ሊሆን ይችላል። ይሄ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የቫልቮቹን ሥራ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የጎማ ቀበቶ (የታይሚንግ ቺንጋው) ዘይት ከነካውም አትጠብቁ። ዘይት ጎማውን ያለሰልሰዋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ። ፍሪሲዮን ውስጥ የገባ ዘይት ደግሞ ሲያንሸራትት ይታወቃል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም።

መጠኑንም እወቁ። ሞተሩን አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቡ፣ ጥረጉት፣ መልሳችሁ አስገቡና እንደገና ስቡት። በብዙ መኪኖች ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው 1 ሊትር ገደማ ነው። ጠብታ ትንሽ ይመስላል። አንዷን ጠብታ የ1 ሚሊ ሊትር አንድ ሃያኛ ብንላት፣ በደቂቃ አንዴ ጠብ የምትል ፍሳሽ በቀን 72 ሚሊ ሊትር ትወስዳለች። በሁለት ሳምንት 1 ሊትር ማለት ነው። ዘይቱ እየጎደለ መሬት ላይ ግን ምንም ከሌለ፣ ሞተሩ እያቃጠለው ሊሆን ይችላልና ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ እንዳለ እዩ።

ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላትም ጥሩ አይደለም። ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን ሊመታውና አረፋ ሊያደርገው ይችላል፤ ፍሳሹም ይብሳል።

ሞተሩን እጠቡ

ይሄን ደረጃ ሰው ሁሉ መዝለል ይፈልጋል። እባካችሁ አትዝለሉት። የዓመታት ዘይትና አቧራ በተጋገረበት ሞተር ላይ ትኩሱን ፍሳሽ ከድሮው መለየት አይቻልም። የኔን ካምቢዮ ያስወረደው ይሄው ነው፤ ሁሉም ቦታ ጥቁር ስለነበር ማንም ከየት እንደጀመረ ሊያይ አልቻለም።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ዲናሞውን፣ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን ዲስትሪቢዩተሩን ወይም ኮይሎቹን፣ የፊውዝ ሳጥኑንና የአየር መሳቢያውን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኑ። ውሃን መሠረት ያደረገ የሞተር ማጠቢያ ከታች ወደ ላይ እርጩ። 10 ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ግን እንዲደርቅ አትፍቀዱ። የተጋገረውን በብሩሽ ፈትጉት። ከዚያ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ አለቅልቁ። ሀይለኛ የውሃ ግፊት በኦይል ሲልና በኤሌክትሪክ ማገናኛዎች ውስጥ ውሃ ይከታል። ውሃ መጠቀም ካልፈለጋችሁ በጨርቅና በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ክፍል በክፍል ማጽዳት ይቻላል፤ ሰዓት ይፈጃል እንጂ ይሆናል። በቤንዚን ግን አትጠቡ። አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበቃዋል።

ሲጨርሱ ከረጢቶቹን ማንሳት እንዳይረሳ። የአየር መሳቢያው እንደተሸፈነ ሞተር ማስነሳት ከረጢቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ከጋስኬቱ በፊት ትንፋሹን እዩ

ይሄኛው ሲዘለል ሰው አንዱን ጋስኬት ቀይሮ በወሩ ሌላው ያፈስበታል። ምክንያቱ ይሄ ነው።

በየሲሊንደሩ ቤንዚን ሲቃጠል ጥቂት ጋዝ በፒስተን ቀለበቶቹ አልፎ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ክፍል ይገባል። ጤነኛ ሞተርም ላይ ያለ ነገር ነው። ያ ጋዝ በአንድ ቱቦና ፒሲቪ በሚባል ትንሽ ቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተመልሶ ይቃጠላል። ሞተሩ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ታዲያ በአሮጌ መኪና ይህ ቫልቭ በዝቃጭ ይደፈናል፣ ቱቦውም ይሟሽሽና ይጣበቃል። ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱም ደካማ የሆነውን ጋስኬት ወይም ኦይል ሲል ፈልጎ ዘይቱን ይገፋበታል። እሱን ብትቀይሩ ግፊቱ ቀጣዩን ደካማ ይፈልጋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን አሙቁና በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ስስ ፕላስቲክ ወይም ወረቀት ቀዳዳው ላይ አድርጉ። ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበ ትንፋሹ ደህና ነው። ወረቀቱ ወደ ላይ እየተገፋ ከተርገበገበ ግፊት አለ። ቀጥሎ ቫልቩን ከቦታው ነቅላችሁ፣ ቱቦው ሳይለይ፣ ጫፉን በአውራ ጣት ድፈኑት። ሲስባችሁ ሊሰማችሁ ይገባል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቫልቩን ስታወዛውዙት ውስጡ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ ተጣብቋል። ቀይሩት። ርካሽ ዕቃ ነው፤ እኔ አሮጌ መኪና ስይዝ ደህና ቢመስልም እቀይረዋለሁ። ቱቦውንም ጎንበስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ዳስሱት።

አንዳንድ መኪና ላይ ቫልቩ የለም፤ ቱቦና ማጣሪያ ብቻ ነው። ቱርቦ ባላቸውና በናፍጣ ሞተሮች ላይ አሠራሩ ስለሚለይ የመኪናውን መጽሐፍ እዩ። ቫልቩና ቱቦው አዲስ ሆነው ግፊቱ ካልቀነሰ ግን የፒስተን ቀለበቶቹ ያረጁ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ሲሊንደሮቹ ግፊት መያዛቸውን የሚለካ የኮምፕሬሽን ምርመራ ያስፈልጋል።

አሁን ፈልጉት

ንጹሁን ሞተር አስነሱና እስኪሞቅ በሚኒሞ ተዉት። በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ከላይ ጀምራችሁ ዙሪያውን እዩ። ልቅ ልብስ፣ ረጅም ፀጉርና እጅ ከሚዞሩት ነገሮች ይራቁ። ምንም ካልታየ 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመለሱና እንደገና እዩ። አንዳንድ ፍሳሽ የሚመጣው ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥንና ግፊቱ ከፍ ሲል ብቻ ነው። የምትፈልጉት ከሁሉም በላይና ከሁሉም ይልቅ ወደ ፊት ያለውን እርጥብ ቦታ ነው። ከእሱ በታች ያለው ሁሉ የተፈሰሰበት እንጂ ያፈሰሰ ላይሆን ይችላል።

በዓይን ካልተያዘ የሕፃናት ፓውደር ውሰዱ። የጠረጠራችሁትን መጋጠሚያ አድርቁና ፓውደሩን ነስንሱበት። ሞተሩን ትንሽ አሠሩትና እዩ። ነጩ ላይ ዘይቱ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል፤ የመስመሩ ጫፍ መነሻውን ያሳያችኋል። የኔን ስንጥቅ ያገኘኋት በዚህ ነው። ከካቨሩ ኋላ ጥግ የጀመረች፣ የክር ያህል የቀጠነች መስመር፣ ነጩን ፓውደር ለሁለት ከፍላው ወርዳለች።

የሚቀጥለው መንገድ ቀለም ነው። ለሞተር ዘይት የተሠራ የፍሳሽ መፈለጊያ ቀለም አለ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ዘይቱ ውስጥ ጨምሩና መኪናውን አንድ ሁለት ቀን ንዱ። ከዚያ ጨለማ ቦታ ላይ በአልትራ ቫዮሌት መብራት እዩ። ዘይቱ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሸጠውን ቢጫ መነጽር ስታደርጉ በደንብ ይጎላል። ሁለት ሦስት ቦታ ለሚያፈስ ሞተር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ተጠርጣሪዎቹ፣ ከላይ ወደ ታች

ከላይ የዘይት መሙያው ክዳን አለ። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ዘይት ካቨሩ ላይ ይረጫል። ቀጥሎ ራሱ የቫልቭ ካቨሩ ጋስኬት። አሮጌ መኪና ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ካንዴላዎቹ በካቨሩ መሀል የሚያልፉ ከሆነ በየጉድጓዳቸው ዙሪያ ትንንሽ ጎማዎች አሉ። እነሱ ሲያረጁ ዘይቱ ውጭ አይታይም፤ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ መንተባተብ ከጀመረና የካንዴላውን ገመድ ስትነቅሉ ጫፉ ዘይት ከነካው ችግሩ ይሄ ነው።

ዲስትሪቢዩተር ያለው መኪና ከሆነ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ብሎኩ (ዋናው የሞተር አካል) ላይ የተሰካበትን ቦታ እዩ፤ እዚያ ያለችው ኦ-ሪንግ የምትባል ክብ ጎማ ትደርቃለች። የካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ኦይል ሲልም የታይሚንግ ቺንጋው ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ሊያፈስ ይችላል።

መሀል ላይ የዘይት ግፊት ስዊቹ አለ። ብዙዎች ይረሱታል። ብሎኩ ላይ የተሰካ፣ አንድ ወይም ሁለት ሽቦ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። ሶኬቱን ንቀሉትና ውስጡን እዩ። ዘይት ካለበት ስዊቹ ራሱ ተበላሽቷል። የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ደግሞ በቅርቡ ዘይት ከተቀየረ ወዲህ ለጀመረ ፍሳሽ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ብሎኩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ሁለቱ ጎማዎች ይንሸራተቱና ዘይቱ በአንዴ ሊወርድ ይችላል።

ከታች የፊቱ የክራንክ ሻፍት ኦይል ሲል ቺንጋ ከሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ከፑሊው፣ ጀርባ አለ። እሱ ሲያፈስ ፑሊው ዘይቱን እያዞረ በክብ ይረጨዋል፤ ዙሪያው በቀለበት ቅርጽ ከተረጨ እሱን አስቡ። ከዚያ የዘይት ቋቱ ጋስኬትና የማፍሰሻው ብሎን። መጨረሻ ላይ የኋላው ኦይል ሲል። እሱን ለመፍረድ ከላይ ያሉት ሁሉ ደረቅ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ሞተሩና ካምቢዮው መሀል የሚወርደው የካምቢዮው የራሱ ዘይት ሊሆንም ስለሚችል ሽታውንና ውፍረቱን አነጻጽሩ።

የቫልቭ ካቨር ጋስኬት መቀየር

ይሄን ዘርዘር አድርጌ የማስቀምጠው ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ስለሚሆንና ማንም ሰው በትዕግሥት ሊሠራው ስለሚችል ነው።

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቁ።

2. በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የካንዴላ ገመዶቹን ከመንቀላችሁ በፊት በፕላስተር ቁጥር ለጥፉባቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ሞተሩ በትክክል አይነሳም።

3. ካቨሩን ከማንሳታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ። ያለበለዚያ አሸዋው ቴስታታው ውስጥ ይወድቃል።

4. ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሀል፣ ትንሽ በትንሽ አላሉ። ካቨሩ ከተጣበቀ ጎኑን በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። አሉሚኒየሙ ከተጫረ ያ ጭረት አዲስ የፍሳሽ መንገድ ነው።

5. አሮጌውን ጋስኬት አውጡና አጠፍ አድርጉት። ጤነኛ ጎማ ይታጠፋል። የኔ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ስባሪውን ከጉድጓዱ ለመልቀም ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

6. ሁለቱን ፊቶች አጽዱ። ለአሉሚኒየም የፕላስቲክ መፋቂያ ተጠቀሙ። የተከፈተውን ቦታ ክር በማይለቅ ጨርቅ ሸፍኑ። ማሽን ላይ የሚገጠም የአሸዋ ወረቀት ዲስክ በፍጹም አይነካ። ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታዎቹን ይበላል። መጨረሻ ላይ ፊቶቹን በፍሬን ማጽጃ ጠርጋችሁ አድርቁ። ጣት የነካው ቅባት እንኳን መቅረት የለበትም።

7. የቆርቆሮ ካቨር ከሆነ ብሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እዩ። ባለፈው ጊዜ ከልክ በላይ ታስረው ጎድጉደው ይሆናል። እንጨት ላይ አስደግፋችሁ በቀስታ ቀጥቅጧቸው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስታስቀምጡበት ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አልተስተካከለም።

8. አዲሱን ጋስኬት፣ የካንዴላ ጉድጓድ ጎማዎቹንና የብሎኖቹን ጎማዎች አብራችሁ ቀይሩ። ጋስኬቱን ብቻ ቀይሮ የቀሩትን መተው ሥራውን ሁለቴ ያሠራል።

9. ሲሊኮን የሚያስፈልገው ማዕዘን ላይ ብቻ ነው። የታይሚንግ ሽፋኑና ቴስታታው የሚገናኙበት ስፌት ላይ፣ የግማሽ ክብ ጎማ ባለባቸውም ጥጎች ላይ ትንሽ ትንሽ ነካ አድርጉ። የጎማ ጋስኬትን ዙሪያውን በሲሊኮን መቀባት እንዲንሸራተት ያደርገዋል።

10. ካቨሩን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። ብሎኖቹን ሁሉ በጣት አስገቡ። ከዚያ ከመሀል ጀምራችሁ እያቋረጣችሁ ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር እሰሩ። በብዙ ሞተሮች ላይ እነዚህ ትንንሽ ብሎኖች የሚፈልጉት ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛውን ከመኪናው መጽሐፍ ውሰዱ። ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ አጭር መፍቻ ያዙና በሁለት ጣት ብቻ እሰሩ።

ስለ ማጥበቅ ደግሜ ልናገር። ፍሳሽ ያየ ሰው እጁ ቶሎ ወደ መፍቻው ይሄዳል። ጋስኬት ግን ሲጨፈለቅ ይበላሻል። የቡሽ ጋስኬት ይሰነጠቃል፣ የጎማው ከቦይው ይወጣል፣ የቆርቆሮው ካቨር ይጣመማል፣ ብሎኑ የሚገባበት የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይላጫል።

የሌሎቹ ጥገና

ፊልትሮ ሲቀየር የድሮው ጎማ አብሮ መውጣቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የአዲሱን ጎማ በንጹህ ዘይት ቀቡት። ጎማው ብሎኩን እስኪነካ በእጅ አዙሩ፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ የሚበቃው ሦስት አራተኛ ዙር መጨመር ነው። ፊልትሮው ላይ የተጻፈውንም አንብቡ።

የማፍሰሻ ብሎኑ ላይ ያለችው የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት ስትታሰር ተጨፍልቃ ነው የምትዘጋው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር አብራ ብትቀየር ይመረጣል። ጥርሱ ከተላጨ ብሎን በጉልበት አትንዱበት፤ በአዲስ የብረት ጥርስ ማስጠገን ይቻላል።

የግፊት ስዊች መቀየር ቀላል ነው። ሶኬቱን ነቅሎ፣ በልኩ ቡሶላ (የሚጠልቅ ክብ መፍቻ) ፈትቶ አዲሱን ማሰር። ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ግን ጥርሱ ላይ የማሸጊያ ቴፕ አትጠቅልሉበት። ኔጌቲቭ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው፤ ቴፑ ሊያቋርጥበት ይችላል።

የፊቱ ኦይል ሲል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፑሊው ይወጣል፣ በብዙ መኪና ደግሞ ታይሚንጉም ይነካል። ታይሚንግ ነክቶ የማያውቅ ሰው ይሄን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢሠራው እመርጣለሁ። አሮጌውን ስታወጡ ሻፍቱን አትጫሩ። ሻፍቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተቆፈረ አዲሱ ኦይል ሲልም ያፈሳል፤ ከንፈሩ ንጹህ ብረት እንዲነካ ትንሽ ገባ ወይም ወጣ አድርጎ መግጠም፣ ካልሆነም ስስ የብረት ቀለበት ማልበስ ያስፈልጋል። የጎማ ከንፈሩን በዘይት ቀቡት። ስፕሪንግ ያለበት ፊት ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዙር። ዙሪያውን እኩል በሚነካ ትልቅ ቡሶላ ቀስ እያላችሁ፣ ሳይንጋደድ አስገቡት።

የዘይት ቋቱን ለማውረድ ከመኪናው ሥር መግባት ግድ ነው። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም። ጠንካራ መሬት ላይ በብረት ስታንዶች አስቀምጡት፣ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርጉ፣ ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጉና መርጋቱን እዩ። ቋቱ በሲሊኮን የሚታሸግ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ያልተቋረጠ መስመር በቂ ነው። በየብሎኑ ቀዳዳ በውስጥ በኩል አሳልፉት። ሲበዛ ትርፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ይላቀቅና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ዘይት አትሙሉ፤ ብዙ ዓይነቶች ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋሉ።

የኋላውን ኦይል ሲል በቤት ውስጥ አልመክርም። ካምቢዮ ማውረድ ከባድና አደገኛ ሥራ ነው። ጋራዥ ስትወስዱት ግን ያጠባችሁትን ሞተርና የፓውደሩን ፎቶ አሳዩ። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑን አብሮ ማየት ተገቢ ነው።

ዘይት ውስጥ የሚጨመሩ የፍሳሽ ማቆሚያዎችም አሉ። ብዙዎቹ የደረቀ ጎማ እንዲለሰልስና እንዲያብጥ ያደርጋሉ። ከኦይል ሲል ቀስ ብሎ ለሚወጣ ላብ ሊረዱ ይችላሉ። የተሰነጠቀ ጋስኬትን፣ የላላ ብሎንን ወይም የተደፈነ ትንፋሽን ግን አይነኩም። እኔ የምሞክራቸው ትንፋሹ ተስተካክሎ፣ የፍሳሹ ቦታ ታውቆ፣ ጥገናውም ካምቢዮ ማውረድ የሚጠይቅ ሲሆን ብቻ ነው።

ከጥገናው በኋላ

የነካችሁትን ሁሉ እንደገና አጽዱ። ያለበለዚያ የቀረው ዘይት ሲወርድ "አልተሠራም" ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ዘይቱን ለኩ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ የግፊት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ መጥፋቱን እዩ። ጭስ ማውጫው ላይ ቀድሞ የፈሰሰ ዘይት ካለ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ሊሸት ይችላል። እሳት ማጥፊያ በአጠገባችሁ ይሁን፤ ሽታው በማግስቱም ካልጠፋ ፍሳሹ አልቆመም።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ፣ ከ500 በኋላ ደግሞ አንዴ የእጅ ባትሪውን ይዛችሁ ተመልከቱ። የቡሽ ጋስኬት ከሆነ ብሎኖቹ ትንሽ ላልተው ይሆናልና እስከ ልኩ ብቻ መልሳችሁ እሰሩ። የጎማ ከሆነ አትንኩት።

ማታ ማታ ካርቶን ማንጠፉን ለአንድ ሳምንት ቀጥሉ። በየካርቶኑ ላይ ቀኑንና መለኪያው ያሳየውን ጻፉ። አዲስ ጠብታ ካረፈ ከድሮው ካርቶን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ቦታው ከተለወጠ ሁለተኛ ፍሳሽ ነበረ ማለት ነው፤ ያኔ ፓውደሩን ይዛችሁ ከላይ ጀምሩ።